ገና ስንት ቀን ቀረው? ስለ አድቬንትና ስለ መጠበቅ



ስለ ችኩሉ ዘመን ብዙ ተብሏል። ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ግን የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ችኮላ ነው። በየመድረኩ «ይህ ወር ሳያልቅ»፣ «ከሰባት ቀን በኋላ»፣ «ዓመቱ ሳይዞር» እየተባለ ሲታወጅ እንሰማለን። «አሜን» ብሎ የተቀበለው ወገን ወሩ ሲያልቅ ምን ላይ እንደሚወድቅ የሚያየው አዋጁን ያወጀው እንግዳ አገልጋይ አይደለም። እርሱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። የሚያየው የአጥቢያው መጋቢ ነው። ቪዛው አልመጣም፤ ልጅ አልተወለደም፤ የታመመችው እናት አልተነሣችም። ሰውየው ቢሮ ገብቶ ይቀመጥና ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያም፣ «እግዚአብሔር ረስቶኛል ወይስ እምነቴ ነው ያነሰው?» ይላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሁለተኛ ወደ ጉባኤ አልተመለሱም። ስለዚህ መጠበቅን ማስተማር ለእኛ የትርፍ ጊዜ ርዕስ አይደለም፤ በጎችን የማጣትና የማትረፍ ጉዳይ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግን ለዚህ ትምህርት አንድ ወቅት ለይታ ነበር። ስሙ አድቬንት ይባላል። ስሙን የማያውቁ ብዙዎች ሲሰሙት የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ትዝ ይላቸዋል። የሁለቱም ስም ምንጩ አንድ የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም «መምጣት» ማለት ነው። በሮማውያን ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አንዲት ከተማ ሲገባ የሚደረገው አቀባበል በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። መንገድ ይጠረጋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ከቅጥሩ ወጥቶ ይጠብቃል። ክርስቲያኖች ቃሉን ወስደው ለጌታቸው መምጣት አዋሉት፤ በቤተ ልሔም ለመጣበትም፣ በክብር ለሚመጣበትም።

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወቅቱ እንዴት እንደ ተጀመረ በዝርዝር መተረክ ዓላማችን አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ እናንሣ። በ380 በስፔን ሳራጎሳ የተሰበሰበ ጉባኤ ከዲሴምበር 17 አንሥቶ እስከ ጥምቀት በዓል ላሉት 21 ቀናት ማንም ምእመን ከቤተ ክርስቲያን እንዳይቀር፣ ቤቱ እንዳይሸሸግ፣ ወደ ገጠርም እንዳይሄድ ደነገገ። ድንጋጌ ያስፈለገው ሰዎች ይቀሩ ስለ ነበር መሆኑ ግልጽ ነው፤ የምእመናን መቅረት ዛሬ የተጀመረ ችግር አይደለም። በአምስተኛው መቶ ዘመን ደግሞ በፈረንሳይ የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረው ጴርፔቱስ ከኖቬምበር 11 እስከ ልደት ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም አዘዘ። በኋላ በምዕራቡ ዓለም ወቅቱ ወደ አራት እሑዶች አጠረ።

የእኛም አገር ከዚህ ውጭ አልነበረም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ነቢያት፣ ነቢያት የመሲሑን መምጣት መጠበቃቸውን የሚያስብ ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶችም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ፤ የተነገረለት፣ ብርሃን የሆነው፣ እረኛ የሆነው ይመጣል እየተባለ ይታሰባል። እኛ ወንጌላውያን ከዚያ ቤት ስንወጣ ጾሙን ከነመጠበቁ እዚያው ትተነው እንደ ወጣን ይሰማናል። መካነ ኢየሱስን የመሰሉ የሉተራን ቅርስ ያላቸው ጉባኤዎች አድቬንትን በቀን መቁጠሪያቸው ይዘዋል። በሌሎቻችን ዘንድ ግን ታኅሣሥ የዓመት መዝጊያ ኮንፈረንስ፣ የመዘምራን ልምምድና የበግ ዋጋ ወር ነው።

ቋንቋችን ግን አንድ ነገር አስቀርቶልናል። «ገና» የበዓሉ ስም ነው። «ገና ነው» ስንል ደግሞ አልደረሰም ማለታችን ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተገጣጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ የበዓሉ ስም ከግሪክ እንደ መጣ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቢሆንም ልጆች «ገና ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ሲጠይቁ «ገና ነው» ብለን መመለሳችን የአድቬንትን ትምህርት በአንድ ቃል መናገር ሆኖልናል።

ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቁ ልጆች የነበሩበት አንድ ቤት አለ። የዛሬው ታሪካችን እዚያ ይጀምራል።

ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን በኤፕሪል 1808 በጀርመን የወደብ ከተማ በሐምቡርግ ተወለደ። የሰባት ልጆች ታላቅ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ሞተ፤ እርሱም ሌሎች ልጆችን እያስጠና እናቱንና ታናናሾቹን መርዳት ጀመረ። በጎ አድራጊዎች ረድተውት በጎቲንገንና በበርሊን ሥነ መለኮት ተማረ፤ ወደ ከተማው ሲመለስም ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚባለው የድሆች ሰፈር በሰንበት ትምህርት ቤት አገለገለ። ይህ አገልግሎት ቤት ለቤት መሄድን ይጠይቅ ነበር። ቪሸርንም በየደረጃው ሥርና በየምድር ቤቱ እየገባ ያየውን መዘገበ፤ በአንዲት ክፍል የተፋፈጉ ቤተሰቦችን፣ ሰካራም አባቶችን፣ ሰርቀው የሚያድሩ ልጆችን። ሥነ መለኮት ተምረን የወጣን ሰዎች እዚህ ጋ ቆም ብንል መልካም ነው። ቪሸርን ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ መጀመሪያ የያዘው የስብከት መድረክ አልነበረም፤ የቤቶችን በር ማንኳኳት ነበር።

በ1833 መጸው ላይ ሐምቡርግ አጠገብ ሆርን በሚባል መንደር የሣር ክዳን ያላት አንዲት አሮጌ ቤት ተሰጠችው። ቤቲቱ ራውኤስ ሃውስ ትባላለች፤ ቃሉ ሲፈታ «ሻካራ ቤት» እንደ ማለት ነው። ከእናቱና ከእኅቱ ጋር ገባባትና የመጀመሪያዎቹን ልጆች ተቀበለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆች የሚገቡበት ቦታ ቅጥርና መቀርቀሪያ ነበረው። ቪሸርን ግን ቅጥር አልሠራም። ልጁ ሲመጣ ያለፈው ሁሉ ይቅር እንደ ተባለለት፣ በዚህ ቤት ከፍቅር በቀር የሚያስረው ሰንሰለት እንደሌለ ይነገረው ነበር። አሥር አሥራ ሁለት ልጆች ከአንድ ተንከባካቢ «ወንድም» ጋር እንደ ቤተሰብ ይኖራሉ፤ ይማራሉ፤ የእጅ ሥራ ይለምዳሉ፤ አብረው ይጸልያሉ። እነዚያ «ወንድሞች» በኋላ በጀርመን አገር የዲቁና አገልግሎት እንዲነቃቃ መነሻ ሆነዋል።

እንዲህ ያሉ ልጆች መጠበቅን የሚያውቁት በክፉ ገጽታው ነው። «ነገ» የተባለው ዳቦ አልመጣም፤ «እመለሳለሁ» ያለው አባት አልተመለሰም። ለእነርሱ መጠበቅ ማለት መታለል ነበር። ታኅሣሥ ሲመጣ ልደት ስንት ቀን እንደ ቀረው ቪሸርንን ደጋግመው ይጠይቁት ነበር ይባላል። ይህን ጥያቄ የጉጉት ብቻ አድርገን ልናነበው አንችልም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠይቅ፣ «ይህስ እውነት ይመጣል?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አብሮት እንዳለ እንገምታለን።

በ1839 ቪሸርን አንድ አሮጌ የጋሪ ጎማ ወሰደ። በጎማው ዙሪያ ለሥራ ቀናት ትንንሽ ቀይ ሻማዎችን፣ ለእሑዶች አራት ትልልቅ ነጭ ሻማዎችን አቆመና በጸሎት አዳራሹ ሰቀለው። በየቀኑ አንድ ሻማ ይለኮሳል። ትናንት የበራው ዛሬም ይበራል፤ ዛሬ አንድ ይጨመርበታል። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ ዲሴምበር 1 ላይ ስለ ዋለ እስከ ልደት ዋዜማ ያሉት ቀናት 24 ነበሩ። የአድቬንት ርዝመት እሑዱ በሚውልበት ቀን ከ22 እስከ 28 ቀን ይለያያልና የትንንሾቹ ሻማዎች ቁጥርም ከዓመት ዓመት መለያየቱ አይቀርም። የጥድ ቅጠሉ የተጨመረው በኋላ ነው። ከሐምቡርግ ውጭ ወዳሉ ቤቶች ሲስፋፋ ሰው ሁሉ የጋሪ ጎማ ስለሌለው አራቱ የእሑድ ሻማዎች ብቻ ቀሩ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ካቶሊኮችም ተቀበሉት። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች በየገበያው የምታዩት ባለ አራት ሻማ አክሊል ታሪኩ ይህ ነው።

ቪሸርን ለልጆቹ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችል ነበር። «ቶሎ ይደርሳል» ብሎ ማባበል፣ ወይም በዓሉን ቀደም አድርጎ ማክበርና ስጦታውን ማከፋፈል ይቻላል። እርሱ ግን ቀኖቹን አላሳጠረም፤ የሚቆጠሩ አደረጋቸው። በመጀመሪያው ቀን የሚበራው አንድ ሻማ ብቻ ነው፤ አዳራሹ ገና ጨለማ ነው። ያንን ጨለማ አልደበቀውም። ልጁ ግን ትናንት «ነገ ሁለተኛው ይለኮሳል» ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ሁለተኛው ተለኮሰ። ቃሉን በሚያጥፉ ሰዎች መካከል ላደገ ልጅ ይህ ከብዙ ስብከት ይበልጥበታል። ቃል ሲፈጸም በየምሽቱ ጥቂት በጥቂት ያያል፤ የመጨረሻው ሻማ ላይ ሲደርስ ሃያ ጊዜ ያልተዋሸ ልጅ ሆኗል።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። መልካም ተረት ነው፤ ነገር ግን ተስፋው ያለው በጊዜ ላይ ነው። ጠብቅ፣ ጊዜ ራሱ ያደርገዋል ይላል። ሥጋ ለባሽ ሁሉ እንደሚያውቀው ጊዜ ሁልጊዜ አያደርገውም፤ እንቁላሉም አንዳንዴ ይበላሻል። የአድቬንት መጠበቅ የሚያርፈው በሚመጣው ላይ ነው። ሃያ አራት ቀን ማለፉ ብቻውን ምንም አያመጣም፤ የተጠበቀው ሰው ስለ መጣ ነው ቀኖቹ ትርጉም ያገኙት።

በቪሸርን ዘመን የነበረው የሉተራን የንባብ ሥርዓት ለዚህ ትምህርት እንዴት እንደሚመች ስናይ እንደነቃለን። በመጀመሪያው እሑድ ጌታ በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ይነበባል። በሁለተኛው በደመና መምጣቱ። በሦስተኛው ግን ማቴዎስ 11 ይነበባል፤ መጥምቁ ዮሐንስ በወኅኒ ሆኖ፣ የሚመጣው አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ ብሎ ደቀ መዛሙርቱን የላከበት ምዕራፍ። ልደት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቤት ሁሉ ለበዓል ሲዘጋጅ፣ በመድረኩ ላይ የሚቆመው የታሰረና የተጠራጠረ ነቢይ ነው! ጌታም ዮሐንስን ስለ ጠየቀ አልነቀፈውም። ዕውሮች እንደሚያዩ፣ አንካሶች እንደሚሄዱ፣ ለድሆችም ወንጌል እንደሚሰበክ ንገሩት አለ። የወኅኒው በር ግን አልተከፈተም። ዮሐንስ ሻማዎቹ ሲበሩ ሰማ፤ እርሱ ግን ከጨለማው ክፍል አልወጣም። «እምነቴ አንሶ ነው ወይ?» የሚለው ወገናችን ይህን ምዕራፍ ከእኛ መስማት አለበት። ከሴት ከተወለዱት ከእርሱ የሚበልጥ እንዳልተነሣ ጌታ የመሰከረለት ሰው የሚጠብቀው ነገር ዘግይቶበት ጠይቋል።

አሁን ከዚያው ከሐምቡርግ አካባቢ ወደ እኛ አገር የሚያደርስ ሌላ ታሪክ እናንሣ።

ቪሸርን በተወለደ በሁለት ሳምንት፣ በሜይ 1808፣ ሉድቪግ ሃርምስ የሚባል ልጅ በዚያው በሰሜን ጀርመን ተወለደ። አድጎ ሄርማንስቡርግ በምትባል የገጠር መንደር መጋቢ ሆነ። የመንደሩ ገበሬዎች በወንጌል ተነክተው ልጆቻቸውን ለሚስዮን መስጠት ጀመሩ፤ በ1849 የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሃርምስ በልቡ የያዘው የኦሮሞን ሕዝብ ነበር፤ ስለዚህ ሕዝብ የጻፈውን የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን ሥራ አንብቦ ነበር። የሚያጓጉዛቸው ባያገኙ መንደርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ መርከብ አሠራ። ስሟንም በሐዋርያት ሥራ 8 ባለችው በኢትዮጵያ ንግሥት በህንደኬ ሰየሟት። የገበሬ መንደር ባሕር የሚሻገር መርከብ ሲሠራ ጎረቤት ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

ህንደኬ በኦክቶበር 1853 ስምንት ሚስዮናውያንንና ስምንት ባለ ሙያ ሠፋሪዎችን ይዛ ከሐምቡርግ ተነሣች። የዚያ ዓመት አድቬንት በባሕር ላይ አለፈ። በ1854 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደረሱ፤ በዚያ ያለው የዛንዚባር ሱልጣን አስተዳደር ግን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ከለከላቸው። ያን ሁሉ ጸሎት፣ ያን ሁሉ የገበሬ ገንዘብ ይዘው ከደጃፉ ተመለሱ። ወደ ደቡብ ወርደው በናታል መሬት ገዙ፤ ዙሉዎችን ማገልገልም ጀመሩ። ሃርምስ በ1865 ሲያርፍ አንድም ሰው ወደ ኦሮሞ ምድር አልደረሰም ነበር።

ይህን ታሪክ ስናስተምር «ሚስዮኑ ከሸፈ» ብለው የሚደመድሙ ተማሪዎች አሉ። በ1854 የሂሳብ መዝገብ ከታየ ልክ ናቸው። ነገር ግን መርከቢቱ ከተመለሰች ከጥቂት ዓመት በኋላ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ልጁ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 ነፃ ወጥቶ ለስዊድን ሚስዮናውያን ተሰጠ። በ1872 ተጠምቆ ኦነሲሞስ ተባለ። ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ አገሩ ለመግባት ደጋግሞ ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። ስለዚህ በተዘጋው መንገድ ዳር ተቀምጦ ተረጎመ። አስቴር ጋኖ ከልጅነቷ የምታውቀውን ቋንቋ፣ ተረትና ምሳሌ ይዛ አብራው ሠራች። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1899 ታተመ። እርሱ ራሱ ወለጋ የገባው በ1904 ነው።

የሄርማንስቡርግ ሚስዮናውያን ኢትዮጵያ የደረሱት በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ህንደኬ ከተነሣች ከሰባ ዓመት በላይ አልፎ። ጣቢያቸውን ምዕራብ ወለጋ አይራ ላይ ተከሉ። ሲደርሱ መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቡ ቋንቋ ታትሞ ነበር። መርከቢቱ በ1854 ብትገባ ኖሮ አንድም የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ አትገባም ነበር። መዘግየቱ ለዚህ ነበር ብለን እግዚአብሔርን ወክለን ልንናገር አንደፍርም፤ ኦነሲሞስ የከፈለው የባርነት ዋጋ እንዲህ በቀላሉ የሚጠቀለል አይደለም። የምንናገረው የሆነውን ብቻ ነው። ሃርምስ ያላያት አንዲት ሻማ፣ ከዚያም ሌላዋ፣ በሰዎች እጅ ስትለኮስ ነበር። ደግሞም ሄርማንስቡርግ የሚጠብቀው እጁን አጣጥፎ አልነበረም፤ ናታል ላይ ዙሉዎች ወንጌል ሰምተዋል።

እንግዲህ ወደ ታኅሣሥ እንመለስ። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ዲሴምበር 25 ከተማው ሁሉ በዓሉን ሲጨርስና ዛፉን አውጥቶ ሲጥል የእኛ ገና 13 ቀን ይቀረዋል። ብዙዎች ይህንን እንደ ችግር ሲያወሩት እንሰማለን፤ ልጆቹ ግራ ተጋቡ፣ ፈቃድ አይሰጥም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሌላው ጨርሶ እኛ ገና የምንጠብቅባቸው እነዚያ ጸጥ ያሉ 13 ቀናት፣ የንግዱ ጩኸት ካለፈ በኋላ የሚመጡ ስለሆኑ፣ ለመጠበቅ ከሁሉ የተመቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ለመጋቢዎች አንድ ልመና አለን። በዚህ ወቅት ቀን ቆርጣችሁ አትማሉ። ለሕዝቡ «በዚህ ወር» ብሎ የማወጅ ሥልጣን ለእኛ አልተሰጠንም። የምትጠብቅ እኅት ስትመጣ የማቴዎስ 11ን ዮሐንስ አስተዋውቋት፤ ከዚያም አብራችኋት ጠብቁ። ምግብ ካስፈለጋት ምግብ ውሰዱላት፤ ቪሸርንም ልጆቹን ያበላው በየቀኑ ነው፣ በልደት ቀን ብቻ አይደለም።

ለቤተሰብ ደግሞ ቀላል ነገር እንጠቁም። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ሰማንያ ቁጥሮች አሉት። ከገና በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በየማታው ሦስት ሦስት ቁጥር ቢነበብ ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል በዓሉ ይደርሳል። ሻማ አንድ በቂ ነው፤ ልጆች ተራ እየገቡ ይለኩሱት፤ በተራው መጣላታቸው አይቀርም፣ ይጣሉ። አባት ወይም እናት ያንብቡ፤ ማብራሪያ አታብዙ። «ቀጥሎስ?» ብለው ቢለምኑ መጽሐፉን ዝጉና ነገ በሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ንባብ ቁጥር 21 ላይ ያበቃል። ዘካርያስ ወደ መቅደስ ገብቷል፤ ሕዝቡ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ምን እንዳዘገየውም ይደነቃል። በዚያው ማታ ከዚያ አትለፉ።